ድንጋይ ተሸክሜ ህግ ልማር የሄድኩ ዕለት

«ታዲያ ካልኮረጅሽ ድንጋዩን ለምን ተሸከምሽ?»

ይህን ዛሬ ጠዋት ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው የጠየቁኝ፣ ህግ ያስተምሩኛል ብዬ ተስፋ ያደረግኳቸው ሰው ናቸው።

መልስ አልነበረኝም።

እኔ! መልስ ያጣሁት እኔ! የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ።

ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የምትቀባበሏት ፎቶ አለች አይደል? ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች፣ ደረጃ ላይ አጎንብሳ አንገቷ ላይ ድንጋይ የተሸከመች ልጅ? «ዘንድሮ የኮሌጅ ምዝገባ ከብዷል» እያላችሁ የምትስቁባት?

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነኝ።

አትካዱ! ሼር ያደረጋችሁትን አንድ በአንድ አይቻለሁ። የአክስቴን ልጅ ጨምሮ። እንግዲህ ታሪኩን ከባለቤቷ ስሙና ከዚያ እንደ ልባችሁ ሳቁ።

ከመነሻው ልጀምር።

ዳንግላ አብራችሁኝ የተማራችሁ ትመሰክራላችሁ፤ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይሆንልኝም። ወንበሩ ይቆረቁረኛል። ደብተር አላሟላም፣ የቡድን ሥራ ላይ ከቡድኑ ጋር እጣላለሁ፣ አስተማሪ ሲሳሳት እጄን ሳላወጣ እናገራለሁ።

የሲቪክስ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሐሳብን ስለ መግለጽ መብት ሲያስተምሩ «ታዲያ እኛን ለምን አያናግሩንም?» አልኳቸው።

ከክፍል ተባረርኩ። በመናገር መብት ትምህርት ላይ፣ በመናገሬ!

ሲቪክስ፣ ሃምሳ ሁለት። ሌላውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ትራንስክሪፕቴን ያየ ሰው «አይዞሽ» ነው የሚለኝ።

ብሔራዊ ፈተና ግን ጠባይ አይጠይቅም። ደብተርሽ የታል አይልም። ቤት በሆዴ ተኝቼ ያነበብኩትን ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። በቃ።

ሲቪክስ? ዘጠና አንድ! ጠቅላላው ውጤት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ «እሷ ልትሆን አትችልም» ብሎ ሌላ ቤት ነው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የሄደው።

ደስ አይልም? እኔም ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

መደበኛ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ነበር። ግን የደረሰኝ ቦታ ሩቅ፣ የደረሰኝ ትምህርትም ህግ ያልሆነ። እማ ደግሞ ወገቧን ታማ ብቻዋን ውኃ እንኳን አታነሳም። ቀረሁ። እኔ የምፈልገው ህግ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰው ጋር በነጻ ስከራከር ኖሬ አሁን በወግ ልከራከር ነው።

እንጅባራ ቅዳሜና እሁድ ህግ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ ሲሉኝ ሮጥኩ።

ሬጅስትራሯ ትራንስክሪፕቴን በግራ እጇ፣ የፈተና ውጤቴን በቀኝ እጇ ይዛ እንደ ሽንኩርት መዘነቻቸው።

«እነዚህ የአንድ ሰው ናቸው?»

«የእኔ ናቸው።»

«የሁለት ሰው ይመስላሉ።»

ህግ ለመግባት ለካ ሁለቱም ይታያሉ። ፈተናው ከፍ ብሎ ትራንስክሪፕቱ መሬት ከነካ ኮሚቴ ፊት ትቀርቢያለሽ። አልፈርድባቸውም። በፈተና ሰሞን የስንቱ አንገት እንደሚረዝም እኛው እናውቃለን።

«ሰኞ ኮሚቴ አለ፤ የምዝገባው መጨረሻ ነው። የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «አስተማሪ ቢሆን ይመረጣል።»

አስተማሪ!

የትኛው አስተማሪ? የሚወዱኝ የስፖርቱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ተቀይረው ሄደዋል።

ቤት ገባሁና ለእማ እንዲህ አልኳት፦ «ኮርጀሻል ነው የሚሉኝ። የሚያውቅሽ ሰው አምጪ ብለውኛል።» ይህን ብዬ ሽሮዬን በላሁ። እየሳቅኩ ነበር እኮ! ከዚያ እጄን ታጥቤ ወጣሁ።

እማ ሳህኔን አነሳች።

እኔ ስወጣ ግን ስልኳን አንስታ አያ በላይ ጋ ደወለች።

አያ በላይ የእማ ታላቅ ወንድም ናቸው። አዘና የምትባል ገጠር ውስጥ ገበሬ ናቸው። በአገውኛ ይቆጣሉ፣ በአማርኛ ያስታርቃሉ። በዚያ አካባቢ ያላስታረቁት የለም፤ የወሰን ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ እንዲያውም አንዴ የተኳረፉ ሁለት አስታራቂዎችን አስታርቀዋል።

እማ «ልጄን ተቀይመዋታል» ስትላቸው ማን፣ ለምን አላሉም። «ሰኞ ጠዋት ኮሶበር እንገናኝ» ብቻ አሉ። እንጅባራን እስከ ዛሬ ኮሶበር ነው የሚሉት።

ሬጅስትራሯ የሚያውቅሽ ሰው ስትል ምስክር ማለቷ ነው። እማና አያ በላይ የገባቸው ሽማግሌ ነው።

እኔስ? እኔ ደግሞ «ቢያንስ ጨዋ ቤተሰብ እንዳለኝ ያያሉ» ብዬ ደስ አለኝ። ሲሪየስሊ! ደስ አለኝ!

ዛሬ ጠዋት ከዳንግላ ስነሳ ከእኔ ጋር የእማ የንስሐ አባት ቄስ ሞላ እና ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ የመጡት ለቁጥር ነው። ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይሄድም፤ ሦስት መሙላት አለበት። የጋሽ ወርቁ ሥራ ሌሎቹ ሲናገሩ «እውነት ነው» ማለት ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮኑን ሳይቀር «እውነት ነው» ሲሉት መጡ።

እንጅባራ መናኸሪያ ስንደርስ ጉም ነው። አያ በላይ ከአዘናው መኪና ወረዱ። ነጭ ጋቢ፣ የክት ባርኔጣ፣ ትከሻቸው ላይ አንድ ማዳበሪያ።

ድንች ያመጡልን መስሎኝ ሮጬ ተቀበልኳቸው።

ክንዴ ተነቀለ!

«አያ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ድንጋይ ነው።»

«የምን ድንጋይ?»

«የይቅርታ ነዋ! ባዶ አንገትሽን ልትገቢ ኖሯል?»

የማታውቁ ካላችሁ፦ በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ፊት ያጎነብሳል። ያኛው «ይቅር ብያለሁ» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ነፍስ ያጠፋ እንኳን በዚህ ታርቋል።

እኔ ማንን ገደልኩ?!

«አያ፣ እኔ እኮ ምንም አላጠፋሁም!»

«ማን አጠፋሽ አለ?»

«ታዲያ ድንጋዩ?»

«ይቅርታ መጠየቅ ማንን ጎድቶ ያውቃል? የተቆጣን ሰው ለምን ተቆጣህ አይሉትም። መጀመሪያ ይብረድ።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ደግሞ ለስላሳውን ነው የመረጥኩልሽ» አሉ አያ በላይ፣ ማዳበሪያውን በእጃቸው መታ እያደረጉ። «ከእርሻዬ ዳር። አንገት አይልጥም።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የጋቢያቸው ትከሻ በጭቃ ተለውሷል። ያን ድንጋይ ከእርሻቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸክመው ነው የመጡት፤ በዚያ ዕድሜያቸው። «እናትሽ አደራ ብላኛለች» አሉኝ።

አፌን ዘጋሁ።

በሕይወቴ ሙሉ አፌን የዘጋሁት ዛሬ ነው፤ እሱንም በማይዘጋበት ሰዓት! ዕድል ሲጠም እንዲህ ነው።

አራት ሰውና አንድ ድንጋይ ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቀን ኮሌጁ በር ደረስን። ድንጋዩ እኔ ጭን ላይ።

ጥበቃው ማዳበሪያውን ነካ አደረገው።

«ምን አለ እዚህ ውስጥ?»

«ድንጋይ» አሉ አያ በላይ፤ ዳቦ የሚሉ ያህል ቀለል አድርገው።

ጥበቃው ወደ ኋላ ሸሸ። «አባቴ! ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው! ደግሞ በዚህ ሰሞን!»

በልቤ «ተመስገን» አልኩ። ድኛለሁ! ህግ አዳነኝ! ገና ሳልማረው!

አያ በላይ ግን ወደ አገውኛ ገቡ። እኔ አገውኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ሰው ይስቃል። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ የማን ልጅ ነህ ተባለ፣ የጥበቃው እናት የአዘና ሰው መሆኗ ታወቀ፣ ዘር ተቆጠረ፣ ጥበቃው ባርኔጣውን አወለቀ።

ሰውዬው ተጨነቀ። የኮሌጁ ደንብ በአንድ በኩል፣ የእናቱ አገር ሽማግሌ በሌላ በኩል። አሰበ፣ አሰበ፣ የላፕቶፕ መመዝገቢያውን አወጣ።

ዓይነት፦ ድንጋይ። ቀለም፦ ጥቁር። ሲሪያል ቁጥር፦ የለውም።

ሞዴል የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ነከሰና «አዘና» ብሎ ጻፈ።

«ፈርሚ» አለኝ። «የገባ ንብረት ይወጣል። ትተሽው እንዳትሄጂ።»

ፈረምኩ። ምን ላድርግ?

የኮሚቴው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጥበቃው እንደ ላፕቶፕ ኃላፊነት ወስዶ ድንጋዩን እስከ ሁለተኛው ፎቅ ተሸከመልኝ። እዚያ ላይ አያ በላይ «ከዚህ በኋላ እሷ ናት» አሉ። ነጠላዬን አጥፈው አንገቴ ላይ አነጠፉልኝ፣ ድንጋዩን አስቀመጡልኝ። እውነትም ለስላሳ ነው። አይልጥም። ይሰብራል እንጂ!

የመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚመዘገበው ሁሉ ተሰልፏል። ከታች ወደ ላይ የማየው ጫማ ብቻ ነው። ስኒከር፣ ሸራ፣ ተረከዝ ጫማ፣ ስኒከር። ጫማዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ከወደ ላይ «ቸክ» የሚል የስልክ ካሜራ ድምፅ ሰማሁ።

ያቺ ናት ፎቶዋ።

በነገራችን ላይ አንሺው ሆይ፣ ቢያንስ ፊልተር አታደርግም ነበር?

ገባን።

ጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች። መሐል ላይ መነጽር ያደረጉት ሰብሳቢው፣ ጎናቸው አንዲት መምህርት፣ ጥግ ላይ ያቺው ሬጅስትራር። ሬጅስትራሯ እኔን ስታይ ሻይዋ ትን አላት።

«አባቶች፣ ምንድነው? ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ሰብሳቢው ብድግ ብለው።

«አንቀመጥም» አሉ አያ በላይ። «እስክትምሯት ድረስ አንቀመጥም።»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አወጡ። «በሥላሴ ስም።»

«ልጃችን ናት» ብለው ቀጠሉ አያ በላይ፤ ድምፃቸው ያው የሽምግልና ድምፃቸው ነው፣ ዝግ ያለ፣ ደረት የሚሞላ። «አጥፍታለች። ልጅነት ነው። እናቷ ታማሚ ናት፣ አባቷ የለም፣ ያሳደግናት እኛ ነን። ጥፋቷ የእኛ ነው። በእኛ ይሁን፣ ማሯት።»

እኔ ከድንጋዩ ሥር ሆኜ «አይ! አይ! አይ!» እላለሁ። በሆዴ። አንገት እንዲያ ሲታጠፍ ድምፅ አይወጣም፤ ሞክሩት።

ሰብሳቢው ተመልሰው ተቀመጡና እስክሪብቶ አነሱ። «ምንድነው ያጠፋችው አባቴ?»

«ያው እናንተ የምታውቁትን።»

«እኛ የምናውቀው ነገር የለም። ፈተና ኮርጃለች ነው የሚሉኝ?»

አያ በላይ ትንሽ አሰቡ። ሽማግሌ ውሸት አይናገርም፤ ግን የተቆጣ ሰውንም አይቃወምም። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን መልስ አገኙ።

«የኮረጀች እንደሆነም ማሯት። ያልኮረጀች እንደሆነም ማሯት።»

«ስለዚህ ጥፋቷን አምናለች ማለት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጋሽ ወርቁ!!!

የእስክሪብቶው ድምፅ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። ቃለ ጉባኤ ላይ ገባሁ! ኮርጃ ተይዛ በሽማግሌ ይቅርታ የጠየቀች!

ቀና አልኩ።

ድንጋዩ መሬት ወደቀ። የወለሉ ታይልስ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

«አልኮረጅኩም!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ጫማዎች ሁሉ ሰሙ።

ያኔ ነው ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ያቺን ጥያቄ የጠየቁኝ። ካልኮረጅሽ ድንጋዩን ለምን ተሸከምሽ። በንቀት አልነበረም እኮ። ከልባቸው ሊገባቸው ፈልገው ነው።

«አጎቴ ከአዘና ተሸክመውት ስለመጡ» ማለት እችል ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። ሌላ የለውም።

እኔ ግን ምን አደረግኩ?

ወደ አያ በላይ ዞርኩ።

«አያ! ስኮርጅ አይተውኛል?»

«አላየሁም።»

«ኮረጀች ሲባል ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ በምን አፍዎ ነው አጠፋች የሚሉት?! ማን ላካችሁ? ማን ኑልኝ አላችሁ?!»

በምን አፍዎ።

ወገን፣ ይህን ያልኩት ለአያ በላይ ነው። በሰው ፊት። ቆመው ሳሉ። ሙሉ አገር የሚነሳላቸውን ሰው።

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን መልሰው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ጋሽ ወርቁ እንኳን «እውነት ነው» አላሉም።

አያ በላይ አልተቆጡም። በአገውኛ ቢቆጡኝ ኖሮ እንዴት በወደድኩ! በዚያው በሽምግልና አማርኛቸው ነው የመለሱልኝ፤ ግን ድምፃቸው አንሶ።

«እኔስ ያየሁት የለም ልጄ። የሰማሁት እናትሽ ስታለቅስ ነው። በስልክ።»

እማ? ታለቅሳለች?

እኔ እጄን ታጥቤ ስወጣ።

መምህርቷ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «እሺ፣ ውጤትሽ ክፍል ውስጥ ለምን እንዲህ ዝቅ አለ?» አለችኝ፣ ለስለስ ብላ። እድሉ ያኔ ነበር። ሌሊቱን ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሲቪክሱ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ወንበሩ። ቤቴ መስታወት ፊት ስለው እንዴት ያምር እንደነበር!

«ወንበሩ ይቆረቁረኛል» አልኩ።

ከዚያ ሁሉ መልስ የወጣው እሱ ነው።

ሰብሳቢውና መምህርቷ ተንሾካሾኩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰብሳቢው የጻፉትን ወረቀት ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ እኔ በግሌ ሳትኮርጂ የሠራሽው ይመስለኛል» አሉኝ። «ግን ሦስት ሽማግሌ ቆመው አጥፍታለች ያሉትን፣ አንቺም ድንጋይ ተሸክመሽ የገባሽበትን ነገር አልሰማሁም አላየሁም ልል አልችልም። ያስተማረሽ አንድ መምህር መጥቶ ይመስክርልሽ። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።»

«ስለዚህ?»

«ለከርሞ ነይ።» ወለሉን አዩት። «ያለ ድንጋይ።»

ሬጅስትራሯ ሳቋን በእጅጌዋ አፈነች።

አያ በላይ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። «እኛን ይቅር በሉን» አሉ። «የእኛ ወግ እዚህ እንደማይሠራ አላወቅንም። ልጅቷ እውነቷን ነው።» ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አላደረጉትም። በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ቄስ ሞላና ጋሽ ወርቁ ተከተሏቸው።

በዚያ ሰልፍ መሐል ማለፍ ነበረባቸው። ጫማዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሮጥኩ፤ ማንንም ሳላይ፣ ሦስቱንም ፎቅ፣ እስከ በሩ።

«አንቺ ልጅ!»

ጥበቃው ነው።

«ንብረትሽስ?»

«የምን ንብረት?»

«ፈርመሻል እኮ! ሳይወጣ ብትሄጂ ማታ ተረኛው እኔን ነው የሚጠይቀኝ።»

ተመለስኩ! እዚያው ሰልፍ ውስጥ፣ እዚያው ክፍል! አንኳኩቼ «ይቅርታ፣ ድንጋዬን ረስቼ ነው» አልኩ። መምህርቷ አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፌ ወረድኩ።

ጥበቃው መዝገቡን ከፍቶ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አየው። ያው ራሱ መሆኑን አረጋገጠ። «አዘና» ከሚለው ፊት ለፊት «ወጥቷል» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ።

ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ቄስ ሞላና ጋሽ ወርቁ ባጃጅ ለመጥራት ራቅ ብለው ቆመዋል። አያ በላይ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው ጀምረዋል። ጀርባቸው ይታየኛል። ባዶው ማዳበሪያ ታጥፎ በብብታቸው፣ ባርኔጣቸው አሁንም በእጃቸው።

ድንጋዩን እንዳቀፍኩ ቆሜ ጥበቃው አየኝ። ከዚያ የማየውን አየ።

«ላሸክምሽ?» አለኝ።

ነጠላዬን አጥፌ አንገቴ ላይ አነጠፍኩ።

«አሸክመኝ።»

አሸከመኝ። ጎንበስ ብዬ በአስፋልቱ ዳር አያ በላይን ተከተልኩ።